«እንደ ባጃጅ ትዞራለች»፦ የኋላ ጎማዋም ለሚታጠፍ ትልቅ ኤስዩቪ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣል?

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ደወሉልኝ። ብዙ ጊዜ የሚደውሉት ለበዓል ወይ ለለቅሶ ስለሆነ ስልኩን ያነሳሁት ደንገጥ ብዬ ነው። «ስማ፣ አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው? አንድ ነገር ላማክርህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታት የሠሩባትን ሚኒባስ ሸጠው፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አዋጥተው፣ ሰባት ሰው የምትይዝ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ሊገዙ ነው። እንግዳ ከኤርፖርት ሊቀበሉባት፣ ለሠርግና ለስብሰባ ሊያከራዩአት አስበዋል። ደላላው ሁለት መኪና አሳይቷቸዋል። ሞዴላቸው አንድ፣ የተመረቱበት ዓመት አንድ፣ ቀለማቸው እንኳ አንድ ነው። አንዷ ግን «የኋላ ጎማዋም ይታጠፋል» ተብሎ ዋጋዋ ከፍ ብሏል። ልዩነቱ የአጎቴን ሁለት ልጆች የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል። ደላላው ደግሞ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ እንደ ባጃጅ ትዞራለች» ብሎ ልባቸውን ሰቅሎታል።

«እና ያዋጣል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት የቤት ሥራ ነው።

መጀመሪያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?

በተለመደው መኪና መሪ ሲጠመዘዝ የሚታጠፉት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው። የኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። ስለዚህ የፊትና የኋላ ጎማዎች በተራራቁ ቁጥር መኪናዋ ለመዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። ረጅም አውቶብስ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሲጨነቅ አይታችሁ ከሆነ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባችኋል።

የኋላ መሪ ያላት መኪና የኋላ ጎማዎቿም በአንድ ትንሽ ሞተር ኃይል በጥቂት ዲግሪ ይታጠፋሉ። ሥራው ሁለት ነው። በዝግታ ስትሄዱ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋሉ፤ ፊቷ ወደ ግራ ሲል ኋላዋ ወደ ቀኝ ይላል፣ መኪናዋም አጭር የሆነች ያህል ጠበብ አድርጋ ትዞራለች። በፍጥነት ስትነዱ ደግሞ ከፊቶቹ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ በትንሹ ዘንበል ይላሉ፤ ያኔ መስመር ስትቀይሩ መኪናዋ ረጋ ትላለች።

ቴክኖሎጂው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ሆንዳ በፕሪሉድ መኪናው ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ታዲያ ለምን አሁን እንደ አዲስ ወሬው በዛ? ዋናው ምክንያት ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚነጠፈው ወለሉ ሥር፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ነው። ብዙ ርቀት እንድትሄድ ከተፈለገ ትልቅ ባትሪ፣ ለትልቅ ባትሪ ደግሞ ረጅም ወለል ያስፈልጋል። የመርሴዲስ ኢኪውኤስ ኤስዩቪ የፊትና የኋላ ጎማዎች 3.2 ሜትር ይራራቃሉ። የላንድክሩዘር 300 ርቀት 2.85 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አምራቾቹ መኪናውን አስረዘሙ፣ ከዚያ ርዝመቱ ያመጣውን ችግር ለመፍታት የኋላ መሪ ጨመሩ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አዲስ መኪና ማስገባት የፈለገ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ሆነ። በአውሮፓና በቻይና የቅንጦት ጉዳይ የነበረው የኋላ መሪ አዲስ አበባ ውስጥ የደላላ ወሬ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ስንት ሜትር ነው የምንገዛው?

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ መጥፎ አመል አለው፤ «ጥሩ ነው» ሲሉት «በስንት?» ይላል። እስቲ በሜትር እንየው።

መለኪያው የመዞሪያ ክብ ይባላል። መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ሙሉ ዙር ብትዞሩ የምትፈልጉት ስፋት ማለት ነው። ከስሌቱ እንጀምር። ጎማዎቿ 3.2 ሜትር የሚራራቁ መኪና የፊት ጎማዎቿ 35 ዲግሪ ያህል ቢታጠፉ፣ የኋላዎቹ 5 ዲግሪ መታጠፋቸው የመዞሪያ ቦታዋን በግርድፉ በ11 በመቶ ይቀንሳል። 10 ዲግሪ ከሆነ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ሻጩ «የኋላ መሪ አላት» ሲላችሁ ወዲያው «ስንት ዲግሪ?» በሉት። 3 ዲግሪና 10 ዲግሪ በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ ዕቃ አይደሉም።

አሁን እውነተኛ መኪኖችን እንይ። ኦዲ ኪው7 እስከ 5 ዲግሪ በሚታጠፈው የኋላ መሪ የሚያተርፈው 1 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሬንጅ ሮቨር እስከ 7.3 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ከ5 ሜትር በላይ እየረዘመ ከ11 ሜትር ባነሰ ክብ ይዞራል። የኋላ መሪ የሌለው ላንድክሩዘር 300 ለመዞር 11.8 ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል።

አንድ ሜትር ትንሽ አይደለም። ጠባብ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ ዞሮ በመሄድና የኋላ ማርሽ አስገብቶ ከኋላ ጡሩምባ እየተነፋ በመጨናነቅ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ያቺ ሜትር ናት። ደላላው ግን «እንደ ባጃጅ» ነው ያለው። ባጃጅ ለመዞር 6 ሜትር እንኳ አይሞላባትም። ሬንጅ ሮቨርን የመሰለ የኋላ መሪ ያለው ትልቅ ኤስዩቪ ከዚያ እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ቦታ ይፈልጋል። ለምን ይዋሻል?

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታዩት ቮልስዋገን አይዲ 4፣ የኋላ ጎማ የሚነዳው ዓይነት፣ ያለ ምንም የኋላ መሪ በ10.2 ሜትር ይዞራል። ፊቱ ላይ ሞተር ስለሌለ የፊት ጎማዎቹ የበለጠ ለመታጠፍ ቦታ ያገኛሉ። መኪናው አጠር ያለና አምስት ሰው የሚይዝ ስለሆነ ለአጎቴ ሥራ ላይሆን ይችላል። ግን ጠባብ ቦታ መዞር ዋናው ጭንቀታችሁ ከሆነ፣ ርካሹ የኋላ መሪ አጠር ያለ መኪና ነው።

መርሴዲስ ራሱ ዋጋውን ነግሮናል

የአንድ ነገር ዋጋ ስንት እንደሆነ ማወቅ ሲከብድ ሻጩ ለብቻው ነጥሎ ሲሸጠው ማየት ጥሩ ነው። መርሴዲስ ይህንን አድርጓል።

የኢኪውኤስ አውቶሞቢል (ኤስዩቪው ሳይሆን ዝቅ ያለችው) ስትወጣ የኋላ ጎማዎቿ እስከ 4.5 ዲግሪ ይታጠፉ ነበር። ጀርመን ውስጥ ኩባንያው አንድ አማራጭ አቀረበ፦ በዓመት 489 ዩሮ የሚከፍል ደንበኛ መኪናው በኢንተርኔት ይከፈትለትና ጎማዎቹ እስከ 10 ዲግሪ ይታጠፉለታል። የሦስት ዓመቱን አንድ ላይ ለሚከፍል 1,169 ዩሮ። የመዞሪያ ክቡ ከ11.9 ወደ 10.9 ሜትር ይወርዳል።

ልብ በሉ፣ ሞተሩም ዘንጉም መኪናው ላይ አስቀድሞ ተገጥሟል። ደንበኛው የሚከፍለው ለብረት ሳይሆን በሶፍትዌር ለተቆለፈ ነገር ነው። ተጨማሪዋን ዲግሪ ለመክፈት ኩባንያው የሚያወጣው ወጪ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ማለትም ዋጋው የተተመነው «ሀብታም ደንበኛ ለአንድ ሜትር ስንት ይከፍላል?» ተብሎ ነው። ይህ ለእኛ ጥሩ ትምህርት ነው። ለኋላ መሪ የሚጠየቀው ተጨማሪ ዋጋ ከማምረቻ ወጪው ይልቅ የገዢውን ጉጉት ተከትሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ጉጉታችሁን ከደበቃችሁ ዋጋው ይወርዳል።

ከዚህ በፊት የወደቀም አለ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኳድራስቲር የሚባል የኋላ መሪ በትልልቅ ፒክአፖቹና በነሰበርባን ላይ አቀረበ። እስከ 12 ዲግሪ ይታጠፍ ነበር፤ ከ14 ሜትር በላይ ይፈልግ የነበረውን ፒክአፕ ወደ 11 ሜትር ተኩል አወረደው። በሥራው ማንም አልተከራከረም። ግን ውድ ነበርና ገዢ አጣ፤ ዋጋው ቢቀነስም እ.ኤ.አ. በ2005 ቀረ። ጥሩ ቴክኖሎጂ መሆንና የሚያዋጣ ዕቃ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኛ ጋ ሲመጣ ሂሳቡ ይቀየራል

እስካሁን ያወራነው ስለ መግዣ ዋጋ ነው። እዚህ አገር ግን መኪና ሲገዛ ዋናው ጥያቄ «ስትበላሽስ?» ነው።

አንደኛ፣ መለዋወጫ። የኋላ መሪ ማለት ተጨማሪ ሞተር፣ ተጨማሪ ሴንሰር፣ ተጨማሪ መገጣጠሚያ ማለት ነው። ሁሉም የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 100 ብር አልፏል። መኪናዋን ዛሬ በብር ብትገዙም፣ የኋላ መሪዋን ለዓመታት የምትጠግኑት በነገው የዶላር ዋጋ ነው።

ሁለተኛ፣ መንገድ። እነዚህ ክፍሎች የሚቀመጡት ከመኪናዋ ሥር፣ አቧራና ጭቃ በሚያገኛቸው ቦታ ነው። ከኮሪደሩ መንገድ ወጥታችሁ ወደ ሰፈር ስትገቡ የሚጠብቃችሁን ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ ባለች ቁጥር የኋላ መገጣጠሚያዎቹ ይመታሉ። የፊት ጎማ መገጣጠሚያ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ጋራዥ የሚመላለስ ሰው ያውቃል፤ አሁን ያንኑ በሽታ ለኋላም ገዛችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ። አላይመንት ለማሠራት ጎሚስታ ጋ ጎራ ማለት አይበቃም። የኋላ መሪ ያላት መኪና የአራቱም ጎማ አቀማመጥ በማሽን ተለክቶ፣ ሴንሰሩ «መሀል ይሄ ነው» ተብሎ በአምራቹ ሶፍትዌር መነገር አለበት። ያ ሶፍትዌር የሌለው ጋራዥ መኪናዋን ሊሞክርባት እንጂ ሊጠግናት አይችልም። ብልሽት ሲገጥማት አብዛኞቹ አሠራሮች የኋላ ጎማዎቹን ቆልፈው ማስጠንቀቂያ መብራት ያበራሉ። ጎማዎቹ መሀል ላይ ከተቆለፉ እንደ ተራ መኪና ትነዳላችሁ። ትንሽ ዞር ብለው ከተቆለፉ ግን መኪናዋ ጎኗን ሰጥታ ነው የምትሄደው፤ ያቺ ቀን ለኪራይ የወጣችበት የሠርግ ቀን እንዳትሆን ጸልዩ።

አራተኛ፣ ቀረጥ። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ሲደረጉ፣ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ተቀመጠ። ይህ ቀረጥ የሚሰላው ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ለኋላ መሪ የጨመረባት ዶላር እዚህ ስትደርስ ቀረጥና የአስመጪ ትርፍ ተደርቦባት ነው።

ግን እኮ ጥቅምም አለው

ሚዛኑን ላለማጋደል፣ የሚያዋጣበትን ሁኔታም እናንሳ።

የምትኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንጉ ጠመዝማዛ ከሆነና በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደኋላ መመለስ ካለባችሁ፣ ጥቅሙን በየቀኑ ታገኙታላችሁ። መኪናዋን የሚነዱት አንገታቸውን ማዞር የሚከብዳቸው ትልቅ ሰው ከሆኑም እንዲሁ። ረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው መረጋጋቷን ይወደዋል።

ግን ይህንንም በቁጥር እንፈትሸው። እንበልና መኪናዋ በቀን 6 ጊዜ የኋላ ማርሽ ከማስገባት ታድናችኋለች፤ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ ይፈጃል። በቀን 2 ደቂቃ ነው። በዓመት 300 ቀን ብትነዱ 10 ሰዓት ታተርፋላችሁ። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ የአንድ ሾፌር የ10 ሰዓት ደመወዝ ስንት ነው? ከዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ይወዳደራል? የተጫረ መከላከያና የሾፌሩን ድካም ብትጨምሩበት እንኳ ሚዛኑ ቶሎ አይደፋም።

ሁለት ነገር ደግሞ የኋላ መሪ አይፈታም። አንደኛው ስፋት ነው። ሬንጅ ሮቨር መስታወቶቹ ተዘርግተው ከ2.2 ሜትር በላይ ይሰፋል። የግቢያችሁ በር ጠባብ ከሆነ የኋላ ጎማው ቢታጠፍም ባይታጠፍም መኪናው አይከሳም። ሁለተኛው የጅራቷ ነገር ነው። የኋላ ጎማዎች በተቃራኒ ሲታጠፉ የመኪናዋ የኋላ ጥግ ወደ ውጭ ይወጣል። ከግድግዳ ወይም ከኮንክሪት ምሰሶ አጠገብ ቆማችሁ መሪውን ጥግ አድርሳችሁ ከተነሳችሁ፣ ከፊት ያዳናችሁትን ቀለም ከኋላ ታስጭሩታላችሁ። መልመድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ምን ይሻላል?

የኔ ድምዳሜ ይኸው ነው። የኋላ መሪ በእርግጥ ይሠራል፤ ለረጅም መኪናም ትልቅ እፎይታ ነው። ግን የሚፈታው ችግር ርዝመቱ ራሱ ያመጣውን ነው። ለርዝመቱ አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ርዝመቱን ለመርሳት ሌላ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ለመርሻው ጥገና ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ዲግሪውንና የመዞሪያ ክቡን በቁጥር ጠይቁ፤ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ተጨማሪ ብር አትጨምሩ። ቀጥሎ መኪናዋን ሰፊ አስፋልት ላይ ሳይሆን የራሳችሁ በርና የራሳችሁ ፓርኪንግ ድረስ ወስዳችሁ ሞክሯት። በመጨረሻ ሻጩን «የኋላ መሪዋ ቢበላሽ ማን ይሠራልኛል? ዋስትናው በጽሑፍ ይሸፍነዋል?» በሉት። ለሦስተኛው ጥያቄ ስልክ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወረቀት ካላገኛችሁ፣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ልዩ ሁኔታው አንድ ነው፦ በሌላ ምክንያት የመረጣችኋት መኪና ላይ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ከተገጠመ፣ አዲስ ከሆነችና ዋስትና ካላት፣ ደስ ብሏችሁ ተጠቀሙበት። ያገለገለች ከሆነችና ዋስትናዋ ካለቀ ግን በኔ እይታ ዋጋ የሚያስቀንስ እንጂ የሚያስጨምር ነገር አይደለም።

አጎቴ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምተው ዝም አሉ። በማግስቱ ከወንድማቸው ጋር ተራዋን መኪና እስከ ግቢያቸው በር አስመጧት። በሁለት ማርሽ ገባች። ሚኒባሷም በሁለት ማርሽ ነበር የምትገባው። «ለካ እስከዛሬም እንዲሁ ነበር የምኖረው» አሉኝ እየሳቁ፣ ተራዋን ለመውሰድ ተስማሙ።

ከልዩነቱ ገሚሱ ለቤት ቻርጀር፣ ቀሪው ለመስከረም ተቀመጠ። መስከረም ላይ ምን እንደሚከፈል የልጅ ወላጅ ያውቀዋል።